«እኔ ላፕቶፕ ላይ ሰርቷል እኮ» ለምትሉ የጅማ ልጆች

ከዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ወጥታችሁ ፈረንጅ አራዳ ቡና ስንጠጣ ኮድ የምታሳዩኝ ልጆች ሁላችሁም የምትሉት ነገር አለ። «እኔ ላፕቶፕ ላይ ሰርቷል እኮ!» አምናችኋለሁ፣ ሰርቷል። ግን ላፕቶፓችሁ ላይ ያለው ሊኑክስ፣ ኡቡንቱው፣ ብዙ ነገር ሸፍኖላችኋል። ሌላው ማሽን ላይሸፍንላችሁ ይችላል። ይህን እንደ ሲግናል ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ነገር አላውቅም፤ ስለዚህ ስለ እሱ ልጻፍላችሁ።

ሲግናል ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ወይም ሌላ ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) ለፕሮግራማችሁ የሚልከው አጭር መልእክት ነው። ኮንትሮል ሲ ስትጫኑ አንዱ ይላካል፣ ኪል ስትሉ ሌላው።

ከቁጥሩ እንጀምር። 9 ሲግኪል ነው፣ 15 ሲግተርም ነው። ሊኑክስም፣ ማክም፣ ፍሪቢኤስዲም (ሌላው የዩኒክስ ዘር) ላይ ያው ነው። ይህን ስትለምዱ ሁሉም እንደዚያ ይመስላችኋል። እስቲ 10ን ውሰዱ። በተለመደው የኢንቴል ሊኑክስ ላይ 10 ሲግዩዘር 1 ነው፤ ፕሮግራመሩ ለፈለገው ጉዳይ የሚጠቀምበት። ማክ ላይ ግን 10 ሲግባስ ነው፤ የሜሞሪ ስህተት ማለት ነው፣ ፕሮግራሙን ይገድለዋል። ማክ ላይ ሲግዩዘር 1 የሚገኘው 30 ላይ ነው። ሊኑክስ ላይስ 30 ምንድን ነው? ሲግፓወር። መብራት ሄደ እንደማለት! ጅማ ለሚኖር ሰው የተሠራ ሲግናል ይመስላል። በድሮው አሠራር ዩፒኤሱን የሚከታተለው ፕሮግራም መብራት ሲጠፋ ወደ ኢኒት (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ ወደሚጀምረው ፕሮሰስ) የሚልከው እሱን ነበር። ማክና ፍሪቢኤስዲ ላይ ጭራሽ የለም። ስለዚህ ስክሪፕት ውስጥ ስሙን ጻፉ እንጂ ቁጥሩን አትጻፉ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው፤ ስሙን ወደ ቁጥር መቀየር የዚያው ማሽን ሥራ ነው።

ስሙም ቢሆን ብቻውን አያድንም። በቅርቡ አንድ ልጅ ከውጭ በመጣለት አሮጌ ማክ ላይ የሊኑክስ ኢሜጅ ወደ ፍላሽ ይጽፍ ነበር፣ ዳታ በሚገለብጠው ትእዛዝ በዲዲ። ዲዲ እንደምታውቁት ሥራውን እስኪጨርስ ድረስ ትንፍሽ አይልም። ልጁ የት እንደደረሰ ለማየት ቸኮለ። የሆነ ቦታ ያነበበውን አስታውሶ ሌላ ተርሚናል ከፈተና ሲግዩዘር 1 ላከበት። ሊኑክስ ላይ ቢሆን ኖሮ ዲዲ እስካሁን ስንት ባይት እንደጻፈ ተናግሮ ሥራውን ይቀጥል ነበር። የማኩ ዲዲ ግን ለዚህ ሲግናል ሃንድለር፣ ማለትም ሲግናሉ ሲደርስ የሚጠራ ፈንክሽን፣ የለውም። ሃንድለር ያልተዘጋጀለት ሲግዩዘር 1 ደግሞ ፕሮሰሱን ይገድላል። ጽሑፉ መሃል ላይ ቆመ፣ እንደገና ከዜሮ። ማክና ቢኤስዲ ለዚሁ ጉዳይ ሲግኢንፎ የሚባል አላቸው፤ ኮንትሮል ቲ መጫን ይበቃል። ሊኑክስ ላይ ይህ የለም። ለምን እንዳላመጡት እስካሁን አይገባኝም፣ እንዴት ያለ ጥሩ ነገር መሰላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው። አብዛኞቻችሁ በሲ ስትጽፉ ሃንድለር የምትመዘግቡት «ሲግናል» በሚባለው ፈንክሽን ነው። የኤቲ ኤንድ ቲ ኩባንያ ዩኒክስ በሆነው በሲስተም ፋይቭ ላይ ይህ ምዝገባ የሚያገለግለው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሲግናሉ ሲደርስ ምዝገባው ይሰረዛል። ሃንድለሩ ራሱን መልሶ ሳይመዘግብ ሁለተኛ ሲግናል ከመጣ ፕሮግራሙ አለቀለት። ቢኤስዲን የሠሩት የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው 4.2 ቢኤስዲ ላይ ሌላ መንገድ ያዙ። ምዝገባው አይጠፋም። ሃንድለሩ እየሠራ ሳለ ያው ሲግናል ድጋሚ ከመጣ ተራውን ይጠብቃል። መሃል ላይ የተቋረጠ ንባብም በራሱ ይቀጥላል። ሶላሪስ የሚባለው ዩኒክስ የመጀመሪያውን ይዞ ቀረ፣ ማክ ሁለተኛውን። ሊኑክስ ላይ ነው ጨዋታው። ከርነሉ የሲስተም ፋይቩን ይከተላል፤ ጂሊብሲ (የሊኑክሱ የሲ ላይብረሪ) ግን ከላይ ሆኖ የቢኤስዲውን ያቀርብላችኋል።

ቃሌን አትመኑ፣ ሞክሩት። ኮንትሮል ሲ ሲመጣ አንድ መስመር የሚጽፍ ሃንድለር ሥሩ። ዋናው ፈንክሽን በማያልቅ ሉፕ ውስጥ «ፖዝ» እያለ ይጠብቅ። ሃንድለሩ ውስጥ «ራይት»ን ተጠቀሙ፤ «ፕሪንትኤፍ» ሃንድለር ውስጥ ሲጠራ አስተማማኝ አይደለም። በጂሲሲ ኮምፓይለር፣ ምንም አማራጭ ሳትጨምሩ፣ ኮምፓይል አድርጉትና ኮንትሮል ሲን ደጋግማችሁ ተጫኑ። በተጫናችሁ ቁጥር መስመሩ ይመጣል፣ ፕሮግራሙ ንቅንቅ አይልም። አሁን ያንኑ ፋይል አንድ ፊደል ሳትነኩ፣ ስታንዳርዱ ሲ99 ይሁን የሚለውን አማራጭ ጨምራችሁ ኮምፓይል አድርጉት። የመጀመሪያው ኮንትሮል ሲ መስመሩን ይጽፋል። ሁለተኛው ይገድለዋል። ያው ላፕቶፕ፣ ያው ኡቡንቱ፣ ያው ኮድ! ጥብቁን ስታንዳርድ ስትጠይቁ ጂሊብሲ የሲስተም ፋይቩን አሠራር ነው የሚሰጣችሁ።

መፍትሔው ሲግአክሽን የሚባለው ፈንክሽን ነው፤ ፖዚክስ (የዩኒክሶች የጋራ ስታንዳርድ) እ.ኤ.አ. በ1988 ደንግጎታል። ምዝገባው ይቆይ ወይስ ይሰረዝ፣ እስከዚያው የትኛው ሲግናል ይታገድ፣ የተቋረጠው ሲስተም ኮል (ፕሮግራሙ ለከርነሉ ያቀረበው ጥያቄ) ይቀጥል ወይስ ይመለስ፣ ሁሉንም አፍ አውጥታችሁ ትናገራላችሁ። ይቀጥል የሚለውን ፍላግ አደረግን ብላችሁ ግን አትዘናጉ። ሊኑክስ ላይ ዳታ እስኪመጣ የሚጠብቁት «ሰሌክት» እና «ፖል» ፍላጉ ቢኖርም «ተቋረጥኩ» የሚል ስህተት ይመልሳሉ። ያንን ስህተት ሳያይ የሚያልፍ ሰርቨር ለወራት ደህና ሰንብቶ አንድ ቀን ጉድ ያደርጋችኋል።

«እኔ የምሠራው በፓይተን ነው፣ ይሄ አይመለከተኝም» የምትሉም አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው ከፓይተን 3.5 ጀምሮ የተቋረጠውን ኮል እሱ ራሱ ይደግምላችኋል፣ እውነት ነው። ግን ማክ ላይ ከሲግናል ሞጁሉ ውስጥ ሲግፓወርን ብትጠሩ እንዲህ የሚባል ነገር የለም ይላችኋል።

የሊኑክሱን ዝርዝር ከማኑዋሉ ክፍል 7፣ «ሲግናል» ከሚለው ገጽ ታገኙታላችሁ። ገጹ ማሽናችሁ ላይ ስላለ ኔትወርክ ቢጠፋም ይነበባል። ፍሪቢኤስዲም ነፃ ነው፤ ቨርቹዋልቦክስ ላይ ጫኑትና ያቺኑ የኮንትሮል ሲ ፕሮግራም እዚያም ኮምፓይል አድርጓት። ውጤቱን ይዛችሁ ኑ፣ ቡናውን እኔ እከፍላለሁ።