ካህን ስለ ጦርነት ይናገር? ከተናገረስ በማን አፍ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። የምኖረው ጀርመን ነው። ሥራዬ አረጋውያን መንከባከብ ነው። በአንድ ፈረቃ አብራኝ የምትሠራ ዩክሬናዊት አለች። እሷም ኦርቶዶክስ ናት፤ ከአንገቷ መስቀል አይለይም። ወንድሟ ጦር ግንባር ነው ያለው። ባለፈው እሑድ አባታችን ስብከታቸውን ወደ ጦርነቱ አዞሩት። «ሩሲያ ኦርቶዶክስ ናት፤ የምትዋጋው ለሃይማኖት ነው፤ ከእሷ ጎን መቆም አለብን» አሉ። አንዳንዱ አጨበጨበ። አንድ ሰው ተነሥቶ ወጣ። እኔ ደግሞ ሰኞ ሥራ ስገባ ጓደኛዬን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። የሃይማኖት አባቶች በአገሮች ጦርነት ላይ ፖለቲካ መናገር አለባቸው ወይ? ዝም ቢሉ አይሻልም?

መልስ፦ እኅቴ፣ ቀና ብሎ ማየት ማቃት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። መጀመሪያ እሱን ልንገርሽ።

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር እኔ ገና ዲያቆን ነበርኩ። በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ሁለት እናቶች ሁልጊዜ አንድ ምሰሶ ሥር ነበር የሚያስቀድሱት። ቡና የሚጠራሩ ጎረቤታሞች ናቸው። የአንደኛዋ ልጅ ወደ ባድመ ግንባር ሄዷል። ሌላኛዋ የአሥመራ ልጅ ናት። አንድ እሑድ ሰባኪው ስለ «ጠላት» ብዙ ተናገረ። ስለ መንግሥት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ስለ ሕዝቡ ነበር የሚናገረው። ያቺ እናት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ጎረቤቷ ቀስ ብላ እጇን ያዘቻት። ልጇ ግንባር ያለው እናት ናት የያዘቻት። ስብከቱ እስኪያልቅ አልለቀቀቻትም። በሚቀጥለው እሑድ ምሰሶው ሥር የቆመችው አንዲት እናት ብቻ ነበረች።

እኔም ያን ቀን ጧፍ ይዤ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈስኩም። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ስለዚህ «አባቶች ዝም ይበሉ» እንድልሽ አትጠብቂ። ሰው እየሞተ ዝም የሚል ካህን የእረኝነቱን ሥራ ትቷል። መናገሩን ይናገር። እኔን የሚያስጨንቀኝ በማን አፍ እንደሚናገር ነው።

ቀዳማዊ ነገሥት ምዕራፍ 22ን ዛሬ ማታ አንብቢው። ንጉሡ አክዓብ ሬማት ዘገለዓድን ከሶርያ ንጉሥ እጅ ለማስመለስ ሊዘምት ነው። በሰማርያ በር ዐውድማ ላይ ከይሁዳው ንጉሥ ከኢዮሳፍጥ ጋር በዙፋን ተቀምጧል። 400 ነቢያት ፊቱ ቆመው በአንድ ድምፅ «ውጣ፣ እግዚአብሔር በእጅህ ይሰጣታል» ይሉታል። አንዱ፣ ሴዴቅያስ የሚባለው፣ የብረት ቀንድ ሠርቶ መጥቷል። ሶርያን በዚህ ትወጋለህ ይላል። ኢዮሳፍጥን ግን ደስ አላለውም። ሌላ ነቢይ የለም ወይ ብሎ ጠየቀ። አክዓብ ምን እንዳለ ተመልከቺ፦ አንድ አለ፣ ግን ክፉ እንጂ መልካም አይናገርልኝምና እጠላዋለሁ። ያ ሰው ሚክያስ ነው። ሊጠራው የሄደው መልእክተኛ መንገድ ላይ ይመክረዋል። ሁሉም አንድ ቃል ተናግረዋል፤ ያንተም ቃል እንደ እነሱ ይሁን ይለዋል። ይህ ምክር ዛሬም በየቤተ ክህነቱ ይዞራል። ሚክያስ ግን ያየውን ተናገረ። እስራኤልን እረኛ እንደሌለው በግ በተራራ ላይ ተበትኖ አየሁት አለ። ሴዴቅያስ በጥፊ መታው። ንጉሡ ወኅኒ አስገባው።

አራት መቶዎቹም ሚክያስም የተናገሩት ስለ አንድ ጦርነት ነው። ፖለቲካ ከተባለ ሁለቱም ፖለቲካ ነው። አራት መቶዎቹ ግን ንጉሡ መስማት የሚፈልገውን መልሰው ለንጉሡ አሰሙት። የሚክያስ ቃል የወረደው በራሱ ንጉሥ ላይ ነው። ዋጋውን የከፈለውም ራሱ ነው።

እኛ ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የምናውቀው። ጣልያን ሲወርረን፣ ጥቅምት 1928 ዓ.ም.፣ የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር በካቴድራላቸው ቆመው ሰበኩ። የጣልያን ጦር መስቀልን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ እየሄደ ነው፣ የባሮችን ሰንሰለት ሊበጥስ ነው አሉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ። አርበኞችን አውግዝ፣ ለእኛ ተገዛ ተብለው እንቢ አሉ። ሕዝቡም ምድሪቱም ለፋሺስት እንዳትገዛ አወገዙ። ሁለቱም የሃይማኖት አባት ናቸው፤ ሁለቱም ስለዚያው ጦርነት ተናገሩ፤ ሁለቱም ወገን ይዘዋል። አንዱ ሲናገሩ ጠመንጃው ከኋላቸው ነበር። የአቡነ ጴጥሮስ ጊዜ ጠመንጃው ወደ ደረታቸው ዞሮ ነበር።

«አድዋ ላይ ታቦተ ጊዮርጊስ ወጥቶ የለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ወጥቷል። አቡነ ማቴዎስም ከዐፄ ምኒልክ ጋር ዘምተዋል። ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣው ጣልያን ነው። ደጁ ድረስ ከተመጣበት ሕዝብ ጋር መቆምና ወደ ሰው ደጅ የሚሄድን ጦር መባረክ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. የካቲት 2022 ድንበር ጥሶ የገባው የማን ጦር እንደሆነ ደግሞ ዓለም ሁሉ አይቷል።

አሁን ወደ አባታችሁ ስብከት እንምጣ። «ኦርቶዶክስ» የሚለው ስም እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያሳስታል። ሩሲያም ዩክሬንም እ.ኤ.አ. በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ ከእኛ ከተለየው ወገን ናቸውና ከእኛ ጋር አንድ ጽዋ አይቆርቡም። እሺ፣ እሱን እንተወው። ሩሲያና ዩክሬን ሁለቱም ክርስትናቸውን የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. በ988 በልዑል ቭላዲሚር ዘመን ኪየቭ ላይ ከሆነው ጥምቀት ነው። ከዩክሬን ክርስቲያኖች አብዛኞቹ ኦርቶዶክስ ናቸው። በሁለቱም በኩል ምሽግ ውስጥ ያለው ልጅ አንገቱ ላይ መስቀል አለ። ታዲያ የትኛው ሃይማኖት ከየትኛው ነው የሚዋጋው?

የሞስኮው ፓትርያርክ ኪሪል እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 በስብከታቸው ወታደራዊ ግዴታውን ሲወጣ የሞተ ሰው መሥዋዕትነቱ ኃጢአቱን ሁሉ ያጥብለታል አሉ። ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ኃጢአትን የሚያጥበው የክርስቶስ ደም ነው። በስሙ ቅዳሴ የምንቀድስለት ቅዱስ ባስልዮስ በጦርነት መግደል ከነፍስ ግድያ እንዳልተቆጠረ ጽፎ፣ እጃቸው ግን ንጹሕ አይደለምና ሦስት ዓመት ከቁርባን ቢርቁ መልካም ነው ብሏል። በ10ኛው መቶ ዘመን የቢዛንታይን ንጉሥ ኒቂፎሮስ ፎቃስ በጦርነት የወደቁ ወታደሮቼ እንደ ሰማዕታት ይቆጠሩልኝ ብሎ የቁስጥንጥንያን ቤተ ክርስቲያን ጠየቀ። ፓትርያርክ ፖሊዬውክቶስ ይህንኑ የባስልዮስን ቃል ጠቅሰው እንቢ አሉ። ንጉሡ ድል አድራጊ፣ ኃይለኛ ንጉሥ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግን ሰማዕትነትን እንደ ደመወዝ አታድልም።

ዛሬም ሚክያሶች አሉ። በዚያው በሞስኮ ኢዮአን ኮቫል የሚባሉ ካህን በየቅዳሴው እንዲነበብ የታዘዘ ጸሎት ደረሳቸው። ጸሎቱ ስለ ድል ይለምናል። እሳቸው «ድል» የሚለውን ቃል እየተዉ «ሰላም» እያሉ አነበቡት። አንዲት ቃል ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 ክህነታቸውን ተገፈፉ። በኋላ የቁስጥንጥንያ ፓትርያርክ መልሶላቸዋል። የኪየቩ ሜትሮፖሊታን ኦኑፍሪም ጦርነቱ በጀመረበት ቀን ነገሩን የቃየል ኃጢአት ነው ብለውታል። ያኔ ቤተ ክርስቲያናቸው ገና በሞስኮ ሥር ነበረች።

አንድ ነገር ልጨምር። ካህን የጦር ተንታኝ ለመሆን ሲሞክር ይሰናከላል። የሮማው ፖፕ ፍራንሲስ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን አልነበሩም፤ ግን ከእሳቸው መማር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ስለ ዩክሬን ሲጠየቁ «ነጭ ባንዲራ» አውጥቶ ስለ መደራደር ድፍረት ተናገሩ። ልጆቻቸውን የቀበሩ እናቶች አዘኑ። እኚሁ ሰው ደግሞ ጋዛ ላለችው ትንሽ ደብር በየምሽቱ ስልክ ይደውሉ ነበር። ምን በላችሁ ብለው ይጠይቃሉ። እስከ መጨረሻዎቹ ቀናቸው ድረስ፣ ሆስፒታል ተኝተው እንኳ ደውለዋል። እኔ ከካህን የምጠብቀው የፖለቲካ ንግግር ይህ ነው። የትኛው ከተማ ለማን ይገባል የሚለውን ሌሎች ይከራከሩበት።

ከጀርመን ሆኖ ስለ ሩሲያ መስበክ አባታችሁን ምንም አላስከፈላቸውም። ለዚህ ነው ቃላቸው የከበደሽ። ክፉ ሰው ናቸው እያልኩ አይደለም። ምናልባት ሩሲያን ኦርቶዶክስ የሚለው ስም ብቻ አሳይቷቸው ይሆናል።

በሰው ፊት ግን አትሞግቻቸው። ፌስቡክ ላይም አታውጪው። ቅዳሴ ሲያልቅ መስቀል ተሳለሚና ለብቻቸው አነጋግሪያቸው። «አባቴ፣ አብራኝ የምትሠራ ዩክሬናዊት አለች። ወንድሟ ግንባር ነው። እሑድ ይዣት ብመጣ ምን ይሏታል?» ብለሽ ጠይቂያቸው። መልሱን ለእሳቸው ተዪላቸው። ይህን ጥያቄ ያኔ ለዚያ ሰባኪ ብጠይቀው ኖሮ እላለሁ፣ ብዙ ጊዜ።

ሰኞ ፈረቃ ስትገቢ ደግሞ ጓደኛሽን ቀና ብለሽ እያት። ወንድሟ ደውሎ እንደሆነ ጠይቂያት። ስሙን ጠይቂያትና ማታ ስትጸልዪ ጥሪው።