አይጡ የማንም አይደለም፣ ቀዳዳው ግን ባለቤት አለው

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ሰኞ ገበያ አካባቢ የድሮ ጭቃ ቤት ተከራይቼ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ስኖር ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ውላችን በየዓመቱ ይታደሳል፣ የዘንድሮው ሊያልቅ ሰባት ወር ይቀረዋል። ከክረምቱ ወዲህ አይጥ መቀመጫ መቆሚያ አሳጣን። ሌሊቱን ሙሉ ኮርኒሱ ላይ ይሯሯጣሉ፣ የጤፉን ጆንያ ቀደዱት፣ የፍሪጁን ገመድ በሉት። ለአከራያችን ለሐጂ ብነግራቸው ‹እኔ ያከራየሁሽ ቤት ነው፣ አይጥ አላከራየሁሽም፤ ፍርፋሪ የምትጥሉት እናንተ ናችሁ› አሉኝ። ከኪራዩ ቀንሼ ላስጠግነው ወይስ ለቅቄ ልውጣ? ደግሞ መርዝ በእንጀራ ለውሼ ደጅ ባስቀምጥ የጎረቤቴ ሦስት ዶሮዎች ሞቱና ካሳ ክፈይ ተባልኩ።»

እህቴ፣ የሐጂ መልስ አስቆኛል፣ አልዋሽሽም። ለክርክርም ቢሆን የዋዛ መልስ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ነው፤ ስለ ቤት ኪራይ ከቁጥር 2945 ጀምሮ በሰፊው ይደነግጋል፣ ስለ አይጥ ግን ትንፍሽ አላለም። ዳኛ ፊት ቀርበሽ «አይጥ አስቸገረኝ» ብትዪ «እና ምን ይደረግልሽ?» ነው የምትባዪው። አይጡን ተዪው። የምታወሪው ስለ ግድግዳው ነው።

አከራይ ቤቱን ለመኖሪያ በሚሆን ሁኔታ አስረክቦ፣ ውሉ እስኪያልቅም እንደዚያው ጠብቆ ማቆየት አለበት። የበር፣ የመስኮት፣ የወለል፣ የቧንቧና የፍሳሽ ጥገና ተከራይ ላይ ሊወድቅ ይችላል፣ በተለይ ውሉ ላይ «ጥገና በተከራይ» ተብሎ ከተጻፈ። ጉዳቱ ከቤቱ እርጅና የመጣ ከሆነ ግን ተከራይ አይሸከመውም። የአንቺ ጉዳይ የሚያርፈው እዚህች ላይ ነው። ጭቃው ደርቆ ከማገሩ ሲላቀቅ፣ ከመሠረቱ ድንጋይ በላይ ያለው ልስን ሲረግፍ፣ ኮርኒሱ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ጥግ ሲከፈት፣ ይህ የሦስት ዓመት ተከራይ ሥራ አይደለም። የደሴን ብርድና ዝናብ ስንት ዘመን የቻለ ቤት የሚያመጣው ነገር ነው።

ታዲያ ይህን እንዴት ታሳያለሽ? ቀን ላይ በርና መስኮት ዝጊ፣ መብራት አጥፊ፣ ከዚያ ብርሃን በየት በየት እንደሚገባ ከወለሉ ጀምረሽ እያጎነበስሽ እዪ። ትንሿ የቤት አይጥ እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ፣ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ ከበቂ በላይ ይሆናታል። ስለዚህ የልጅሽን እርሳስ ውሰጂና በየቀዳዳው እየሰካሽ ፎቶ አንሺ። እየቀለድኩ አይደለም። «ግድግዳው ተቦርቡሯል» ከሚል ሁለት ገጽ አቤቱታ ይልቅ እርሳስ ተሰክቶበት የቆመ ግድግዳ ዳኛ ይገባዋል። የተበላውን የፍሪጅ ገመድም አትጣዪው፣ ፌስታል ውስጥ አድርገሽ አስቀምጪው።

ምስክርም ያስፈልግሻል። «የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» እንደሚባለው እህትሽን ወይ የባልሽን ወንድም ይዘሽ እንዳትመጪ። ግቢው ውስጥ የሚኖር ሌላ ተከራይ ወይም ኤሌክትሪኩን ያየ ሠራተኛ ይሻላል።

የሐጂን ክርክርም አትናቂው። ጤፉ በጆንያ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ሌሊት ምጣዱ ሥር ፍርፋሪ እያደረ፣ «ጥፋቱ የግድግዳው ብቻ ነው» ብትዪ ያዋጣል ብዬ አላምንም። እህሉን ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ ገልብጪ። ዱቄቱንም እንደዚያው። ይህን ካደረግሽ በኋላ አይጡ ካልጠፋ «ፍርፋሪ ነው» የሚለው መከራከሪያ ይሟሽሻል።

ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ ነው። ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህን ነው። ቁጥር 1772 እንደሚለው፣ ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው በመጀመሪያ ተዋዋዩን ማስጠንቀቅ አለበት። ቡና ላይ «ሐጂ፣ አይጡ እኮ...» ማለትሽ አይበቃም፣ ቢበቃም ማስረዳቱ ይከብድሻል። አንድ ገጽ ጻፊ። ቀዳዳዎቹ የት የት እንዳሉ፣ ምን እንዲጠገን እንደምትፈልጊ፣ በስንት ቀን። እኔ ብሆን 15 ቀን እሰጣለሁ። አይጥ በሦስት ሳምንት ገደማ ትወልዳለች፣ ብዙ ጊዜም አምስት ስድስት ነው የምትጥለው፤ ሁለት ወር ስትጠብቂ ሌላ ትውልድ ይደርሳል። በሁለት ቅጂ አድርጊው፣ አንዱ ላይ ሐጂ ይፈርሙ። አልፈርምም ካሉ ሁለት ሰዎች ባሉበት ስጫቸውና እነሱ «ሲሰጣቸው አይተናል» ብለው ይፈርሙ።

ውሉና ደብዳቤው ደግሞ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ይግቡ። አንድ ደንበኛዬ በአንድ ወቅት ያመጣልኝ የኪራይ ውል ከግራ ጥጉ እስከ መሃል ተበልቶ የኪራዩ መጠን የተጻፈበት መስመር አብሮ ሄዶ ነበር፤ በላተኛውን መናገር አያስፈልገኝም። ሰነድ መጥፋቱ ወይም መበላሸቱ ከተረጋገጠ በምስክር ማስረዳት ይቻላል፣ ቁጥር 2003 ይፈቅዳል፣ ግን ለምን ትደክሚያለሽ።

ከኪራዩ ቀንሼ ላስጠግነው ላልሽው፣ በራስሽ ሥልጣን አይሆንም። ቁጥር 1777 ባለዕዳው ያልሠራውን ሥራ በእሱ ወጪ ለማሠራት የሚፈቅድበት መንገድ አለው፣ ፈቃዱን የሚሰጠው ግን ፍርድ ቤት ነው። ዝም ብለሽ ከቀነስሽ በማግስቱ ኪራይ ያልከፈልሽ ተከራይ ትሆኛለሽ፣ ሐጂም አስጠንቅቀው ሊያስወጡሽ ይችላሉ። ያኔ ተከሳሿ አንቺ ነሽ፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ኪራይሽን በሰዓቱ፣ ቢቻል በባንክ ክፈዪ። ሐጂ ከተስማሙ ግን ሌላ ነገር ነው። «እኔ ላስጠግን፣ ከኪራይ ይታሰብልኝ» በያቸው፣ በአንዲት ወረቀት ላይ አስፈርሚያቸው፣ የሲሚንቶውንና የሠራተኛውን ደረሰኝ ያዢ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ጠበቃ ሆኜም ይህን ጉዳይ ፍርድ ቤት ማድረስ አልመክርም። ሐጂ የሚያከብሯቸው ሁለት ሽማግሌ ይዘሽ፣ ቀዳዳውን አሳይተሽ፣ ሻይ ላይ ቢያልቅ ይሻላል። ሥራው ራሱ የግማሽ ቀን ነው፦ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጥቆ በላዩ ሲሚንቶ መምታት፣ በሩ ሥር ቆርቆሮ መቸንከር፣ ከዚያ ከግድግዳው ጥግ ጥግ ወጥመድ ማስቀመጥ፤ አይጥ መሃል ወለል ላይ አትሄድም፣ ግድግዳ ታክካ ነው የምትሄደው። ቀዳዳው ሳይደፈን ወጥመድ ብቻ ማብዛት ግን ለሰኞ ገበያ አይጥ ሁሉ ግብዣ ነው።

ለቅቆ መውጣትስ? ቤቱ ለነዋሪው ጤና ክፉኛ አደገኛ ከሆነ ሕጉ ተከራይ ውሉን እንዲያፈርስ ይፈቅዳል። የተላጠ ሽቦ ከኮርኒስ በላይ ካለ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አሳይተሽ ጽሑፍ ያዢ። ኮርኒስ ላይ መሯሯጥ ብቻውን ግን እንቅልፍ ይነሳል እንጂ ሰባት ወር የሚያስጥል አይመስለኝም።

ሁለት ነገር አጣሪልኝ። አንደኛ፣ ቤቱ የሐጂ የግላቸው ነው? ደሴ ውስጥ የድሮ ቤት ሲባል በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ተወርሶ የቀበሌ የሆነ ሊሆን ይችላል። ከሆነ ሐጂ ራሳቸው ተከራይ ናቸው፣ ለአንቺ ማከራየታቸውም ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ ክስ ስትጀምሪ ቤቱን አብረሽ ልታጪው ትችያለሽ። ሁለተኛ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ሌላ ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ላይ ይሠራል። በሚሠራበት ቦታ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፣ መመዝገብ አለበት፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይበልጥም። ከተማ አስተዳደሩ ቤቶች ክፍል ጎራ ብለሽ ውልሽ በዚህ ሥር ይወድቅ እንደሆነ ጠይቂ።

አሁን ወደ ዶሮዎቹ። እዚህ ላይ እኔም ከጎረቤትሽ ጋር ነኝ። ቁጥር 2066 መርዛማ ነገር ተጠቅሞ ሌላውን ከተለመደው በላይ ለሆነ አደጋ ያጋለጠ ሰው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነው ይላል። «ለአንድ ቁራሽ እንጀራ ይህ ይጠቀሳል ወይ?» ብለን ልንከራከር እንችል ይሆናል። ግን ዶሮ በሚለቅምበት የጋራ ግቢ መርዝ የነካ እንጀራ ማስቀመጥ ራሱ ጥፋት ነው፣ ለዚያ ቁጥር 2028 ይበቃል። ዶሮዎቹ የሞቱት በአንቺ መርዝ መሆኑን ማስረዳት የጎረቤትሽ ሸክም ነው። አንቺ ግን ጥያቄሽ ላይ አምነሻል! የገበያ ዋጋቸውን ጠይቂ፣ እንቁላል ጣዮች ከነበሩ ትንሽ ጨምሪ፣ ክፈዪ፣ «ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ተቀበዪ። የሞቱትን ዶሮዎችም ማንም እንዳይበላቸው፣ ውሻም እንዳያገኛቸው በጥልቀት ይቀበሩ።

ስለ መርዙ ከሕግ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልበል። አንዳንዱ የአይጥ መርዝ ቀናት ቆይቶ ነው የሚገድለው፣ አይጡም ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ ይሞትና ሽታው ከአይጡ የባሰ ይሆናል። ለእህል መጋዘን የሚሆነውን ፎስቶክሲን የሚባለውን ኪኒን ደግሞ ማንም ቢመክርሽ መኖሪያ ቤት አታስገቢ። እርጥበት ሲያገኝ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፣ ማርከሻም የለውም። ልጆች አሉሽ። የተረፈው መርዝ ካለ ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ።

የቀበሌ ይሁን የግል የሚለውን ካጣራሽ በኋላ የውልሽን ፎቶ አድርገሽ መልሰሽ ጻፊልኝ፣ ደብዳቤውን አብረን እናረቅቀዋለን።