መልስ፦ የጎረቤት ጉዳት በድርድር ብቻ ይፈታልን?
የንብረት መብት በግልጽ ከታወቀ ጎረቤታሞች ያለ መንግሥት ጣልቃ ገብነት ይስማማሉ የሚባለው እውነት እንደሆነ ለጠየቁት፣ መልሴ «አንዳንድ ጊዜ» የሚል ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ሮናልድ ኮዝ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ ያነሣው የለንደን ክርክር ነገሩን ያብራራል። አንድ ጣፋጭ ሠሪ ከ20 ዓመት በላይ በትልልቅ ሙቀጫ ሲወቅጥ ኖሮ፣ ጎረቤቱ የሆነ ሐኪም የሕሙማን መመርመሪያ ክፍሉን ከዚያው ግድግዳ ጋር አያይዞ ሠራና ድምፁ ሥራ ከለከለው፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1879 ለሐኪሙ ፈረደ። ኮዝ እንደሚለው ግን ሙቀጫው ለጣፋጭ ሠሪው የሚያስገኘው ጥቅም ሐኪሙ ከሚያጣው የሚበልጥ ከሆነ፣ ካሳ ከፍሎ መውቀጡን ሊቀጥል ይችላል፤ ፍርዱ ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ጸጥታውን በገንዘብ መግዛት የሚኖርበት ሐኪሙ ይሆን ነበር። በዚህ አካሄድ ፍርዱ የሚለውጠው ከፋዩን እንጂ የሙቀጫውን ዕጣ አይደለም (ለሚከፍለው ሰው ግን ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም)።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ተደራዳሪዎቹ ጥቂት ሲሆኑና መደራደሩ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ነው። የአንድ ፋብሪካ ጭስ አሥር ሺህ አባወራ ሲያፍን፣ ሁሉንም ማሰባሰብ፣ የእያንዳንዱን ጉዳት ማስላትና «ሌላው ይክፈል» ብሎ የሚሸሸውን ማግባባት ከስምምነቱ ጥቅም በላይ ሊያስወጣ ስለሚችል፣ በእኔ አስተያየት እዚያ ላይ ደንብ ወይም ግብር ይሻላል።