ጥያቄና መልስ፦ ብረት ሲጮኽ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

«ክላንግ» እና «ክላንክ» ልዩነታቸው ምንድን ነው? (የብረት በርና መስኮት ሠሪ፣ ከኮምቦልቻ)

ሁለቱም ብረት ከብረት ሲጋጭ የሚሰማውን ድምፅ ይገልጻሉ፤ የሚለያዩት ከምቱ በኋላ በሚሆነው ነገር ነው። የብረት ቱቦ በሲባጎ አንጠልጥለው በመዶሻ ቢመቱት፣ ድምፁ እንደ ደወል እያስተጋባ ጥቂት ይቆያል፤ ይህ ክላንግ ነው። ያንኑ ቱቦ በሞርሳ ጥርቅም አድርገው አስረው ቢመቱት ግን ንዝረቱ ስለሚታፈን ድምፁ ወዲያው ይቆረጣል፤ ይህ ደግሞ ክላንክ ነው። ቃላቱን ራሳቸውን ጮክ ብለው ቢያነቧቸው ልዩነቱን ይሰሙታል፤ የመጀመሪያው በአፍንጫ እየተሳበ ሲያልቅ፣ ሁለተኛውን መጨረሻው ላይ ያለችው «ክ» ትዘጋዋለች። ብርጭቆ ከብርጭቆ ሲነካካ የሚሰማው ቀጭን ድምፅ ክሊንክ ይባላል።

ተማሪዎቼ ለማንኛውም ከፍተኛ ድምፅ «ባንግ» ብለው ይጽፋሉ። ላርማቸው ይገባል? (መምህርት፣ ከደሴ)

ስህተት ባይሆንም ስንፍና ነው። ባንግ ከጦሳ ተራራ የወረደ ነፋስ በሩን ሲያላትመው እንደሚሰማው ያለ፣ ድንገተኛና አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈነዳ ድምፅ ነው። ሰኞ ገበያ ላይ የተደራረቡ የብረት ድስቶች ከነክዳናቸው ተንደው ድንጋይ ላይ ሲንከባለሉ ግን የሚሰማው ብዙ ምት ስለሆነ ቃሉ ክላተር ነው። በዚህ ቃል መጨረሻ ያለችው «ኧር» የድርጊትን መደጋገም ከምታመለክት ጥንታዊ ቅጥያ የመጣች ናት፤ እኛም አንዱን ምት «ኳ አለ» ብለን፣ ሲደጋገም «ተንኳኳ» የምንለው በተመሳሳይ ብልሃት ነው። እኔ ብሆን ትምህርቱን የምጀምረው ከዚህ ነበር፤ ጓን ከዷ የሚለይ ልጅ ጆሮው አስቀድሞ ተሰናድቷልና። ዕቃው እየተሰባበረ ከወደቀ ደግሞ ክራሽ ይበሉት።

ለውጭ አገር መለዋወጫ አቅራቢ የመኪናዬን ድምፅ እንዴት ልግለጽ? (የጭነት መኪና አሽከርካሪ)

የላላ ብሎን ወይም መከለያ ያለማቋረጥ የሚንገጫገጭ ከሆነ ራትል፣ ማርሽ ሲቀይሩ አንድ ጊዜ የሚጋጭ ከሆነ ክላንክ፣ ከሞተሩ ውስጥ እየተመታ የሚመጣ ከሆነ ኖክ ብለው ይጻፉ። ድምፁ መቼ እንደሚሰማ፣ ለምሳሌ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬን በያዙ ቁጥር እንደሆነ፣ መጨመርዎን አይርሱ።

የጤፍ ጆንያ ከመኪና ሲወረወር «ክላንግ» ይባላል? (ተማሪ፣ ከደሴ)

አይባልም፤ «ተድ» ነው። ጆንያ ድው ይላል እንጂ ጓ አይልም።