አስማችሁ አልረጋ ያላችሁ እስቲ ጠይቁኝ

ፋርማሲ ነው የምሰራው፣ ስለ አስም መድኃኒት የማውቀውን እመልሳለሁ። መርምሮ መድኃኒት መቀየር ግን የሐኪማችሁ ስራ ነው፣ እሱን ከኔ አትጠብቁ።

ጥያቄ፦ ሳልቡታሞል ሁሌ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ ግን ሌሊት ሌሊት እያፈነ ያስነሳኛል። ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶት ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ልማዱ ሳይሆን መድኃኒቱ ብቻውን መሆኑ ነው የሚያሳስበኝ። ሳልቡታሞል የጠበበውን ቧንቧ ለጥቂት ሰዓት ይከፍትልሻል እንጂ ውስጥ ያለውን መቆጣት አይነካውም፣ እሱን የሚያበርደው የሚሳበው ስቴሮይድ ነው፣ ቡደሶናይድ ቤክሎሜታዞን ምናምን የሚባሉት። ጂና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ ከፈረንጆቹ 2019 ጀምሮ ለአዋቂና ለጎረምሳ ሳልቡታሞልን ብቻውን አይመክርም። በዓመት 3 እና ከዚያ በላይ የሳልቡታሞል ኢንሄለር የሚጨርስ ሰው አስሙ የመነሳት እድሉ ይጨምራል፣ በየወሩ አንድ የሚጨርስ ደግሞ የሞት አደጋው ራሱ ከፍ ይላል። አንቺ ስንት ትጨርሻለሽ?

ጥያቄ፦ ስቴሮይዱ ታዞልኛል ግን ሲሻለኝ እተወዋለሁ፣ ስቴሮይድ ሲባል ያስፈራል።

መልስ፦ የተሻለህ እኮ ስለወሰድከው ነው 😀 አስም አልረጋ ካለባቸው ምክንያቶች እኔ በብዛት የማየው ይሄንን ነው። የሚሳበው መጠኑ ትንሽ ነው፣ አብዛኛው እዛው ሳንባ ላይ ነው የሚሰራው፣ ከኪኒኑ ጋር አታምታታው። ከወሰድክ በኋላ አፍህን ተጉመጥምጠህ ትፋ፣ አለበለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ፈንገስ ያወጣል፣ ድምፅም ይዘጋል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሁለቱንም በየቀኑ ይስባል፣ አንድም ቀን አያቋርጥም፣ ግን ያው ነው።

መልስ፦ እስቲ ሲስብ ቆመሽ እዪው። እኔ "አሳየኝ" ስለው ብዙ ሰው ሳይነቀንቀው ይጀምራል፣ ቀድሞ አየሩን አያስወጣም፣ ጭሱ በከንፈሩ ጥግና በአፍንጫው ቡን ሲል ታያለሽ፣ ያ እንግዲህ ሳንባ ያልደረሰ መድኃኒት ነው። ነቅንቆ፣ አየር አስወጥቶ፣ ከንፈሩን ገጥሞ፣ ቀስ ብሎ መሳብ ሲጀምር ይጫን፣ እስከ 10 ሴኮንድ ትንፋሹን ይያዝ፣ ሁለተኛውን ፓፍ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ። ስፔሰር (ኢንሄለሩ ጫፍ ላይ የሚገጠም ባዶ ቱቦ) ካገኘ በጣም ይቀለዋል። የዱቄቱ ዓይነት ከሆነ ግን ተቃራኒ ነው፣ በኃይልና በፍጥነት ነው የሚሳበው፣ ሁለቱን በአንድ ዘዴ የሚስቡ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ አስሜ መርጋቱን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ያለፉትን 4 ሳምንታት አስብ። ቀን ላይ በሳምንት ከ2 ጊዜ በላይ ምልክት፣ ከ2 ጊዜ በላይ ማስታገሻ (ሳልቡታሞሉን ማለቴ ነው)፣ ሌሊት መንቃት፣ ከስራ ወይ ከእንቅስቃሴ መገደብ። አንዱም ከሌለ ረግቷል፣ 3 ወይ 4 ካለ ጭራሽ አልረጋም።

ጥያቄ፦ ሲጋራ በቀን ሁለት ሶስት ብቻ ነው፣ ያን ያህል ይጎዳል?

መልስ፦ አዎ። ቧንቧውን ከማስቆጣቱ ሌላ የሚሳበው ስቴሮይድ በደንብ እንዳይሰራ ያደርጋል። አጠገብህ ያለው የሚያጨሰውም ይቆጠራል፣ የማገዶ ጭስም እንደዛው።

ጥያቄ፦ አፍንጫዬ ሁሌ ዝግ ነው፣ ቃርም አለብኝ፣ ይገናኛል?

መልስ፦ በደንብ። የአፍንጫ አለርጂ፣ ሳይነስ፣ ቃር፣ ውፍረት፣ ጭንቀት፣ እነዚህ ሳይታከሙ አስሙ ላይ ብቻ መድኃኒት መጨመር ድካም ነው። በተለይ አፍንጫውን ሰው ይንቀዋል።

ጥያቄ፦ እናቴ አስማቸው ረግቶ ኖሮ በቅርቡ ተባብሶባቸዋል። አዲስ ነገር የዓይን ግፊት ጠብታ ብቻ ነው።

መልስ፦ ጠብታው ቲሞሎል ከሆነ እሱ ሊሆን ይችላል! በዓይን ገብቶ ወደ ደም ያልፋል፣ ቧንቧ ያጠባል፣ ለልብና ለደም ግፊት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎልም እንደዚያው ነው። አንዳንድ ሰው ላይ አስፒሪን፣ ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክም አስም ይቀሰቅሳሉ። ጠብታውን ይዛችሁ ዛሬውኑ የዓይን ሐኪማቸው ጋ ሂዱ፣ አስም እንዳለባቸው ንገሩት፣ በራሳቸው ዝም ብለው እንዳያቋርጡ ግን፣ ዓይናቸውም ያሰጋል፣ የሚቀየር ሌላ ጠብታ አለ።