ጥያቄና መልስ፦ በዓይን እንቅስቃሴ የሚሰጥ የሥነ ልቡና ሕክምና ከእምነቴ ጋር ይጋጫል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። ከሁለት ዓመት በፊት ከጓደኛዬ ጋር ተሳፍረን ስንሄድ መኪናው ተገለበጠ፤ እርሷ ሞተች፣ እኔ ተረፍኩ። «ነይ አብረን እንሂድ» ያልኳት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ የፍሬን ድምፅ ስሰማ ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል፤ ሌሊትም ያው ነገር በሕልሜ ይመጣብኛል። ለንስሐ አባቴ ደጋግሜ ተናዝዣለሁ፣ እጸልያለሁ፣ ጠበልም ተጠምቄአለሁ። አሁን አንዲት የሥነ ልቡና ባለሙያ ኢኤምዲአር የሚባል፣ ዓይንን ወዲያና ወዲህ በማንቀሳቀስ የሚሰጥ ሕክምና ልትጀምርልኝ ነው። አንዳንዶቹ «ይህ እንደ ድግምት ነው፤ አእምሮሽን ለሰው አሳልፈሽ አትስጪ» ይሉኛል። ሌሎቹ ደግሞ «እምነትሽ ቢጠነክር ኖሮ ይለቅሽ ነበር» አሉኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ በቅድሚያ የጓደኛሽን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ አንቺንም ያጽናሽ።

ከሰማሻቸው ሁለት ነገሮች ይበልጥ የሚጎዳሽ ሁለተኛው ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ። ነቢዩ ኤልያስን አስቢው። በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ያወረደ ሰው ነው። ኤልዛቤል ስትዝትበት ግን ወደ ምድረ በዳ ሸሸ፤ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም ነፍሱን እንዲወስዳት እግዚአብሔርን ለመነ (1ነገ. 19)። እግዚአብሔር «እምነትህ የት ሄደ?» ብሎ አልገሠጸውም። አስተኛው፤ መልአክ ልኮ አበላው፣ አጠጣው፤ ደግሞም አስተኛው፤ ሁለተኛ ቀስቅሶም አበላው። ንግግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በኮሬብ ነው። ስለዚህ በፍርሃት የተጎዳን ሰው «እምነት የለህም» የሚሉ ሰዎች ይህን ምዕራፍ ደግመው ቢያነቡት መልካም ነው።

የፍሬን ድምፅ ሲሰማ ሰውነትሽ የሚንቀጠቀጠው አንቺ ስለፈቀድሽ አይደለም። ሌላውን ትዝታ ስናስታውስ ነገሩ ያለፈ መሆኑን እናውቃለን። በከባድ ድንጋጤ ውስጥ የተቀረጸ ትዝታ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አይቀመጥም፤ ድምፁ፣ ሽታው፣ የሰውነት መሸማቀቁ ሳይቀር አሁን እየሆነ እንዳለ ነገር ይመለሳል። አእምሮሽ መኪናው መቆሙን፣ ከዚያ ቦታም መውጣትሽን ገና አላመነም። ይህ ቁስል ነው፤ በቁስል ደግሞ ማንም አይነወርም።

አሁን ወደ ሕክምናው ልምጣ። ዘዴውን ያስተዋወቀችው ፍራንሲን ሻፒሮ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ባለሙያ ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 በመናፈሻ ስትሄድ የሚያስጨንቋት ሐሳቦች ዓይኖቿ ወዲያና ወዲህ ሲንቀሳቀሱ እየቀለሉ መሄዳቸውን አስተዋለች፤ የመጀመሪያ ጥናቷንም በ1989 አሳተመች። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 ባወጣው መመሪያ ከአደጋ በኋላ ለሚመጣ የጭንቀት ሕመም ከሚመክራቸው ሕክምናዎች አንዱ አድርጎታል፤ ለአዋቂም ለልጅም።

በውስጡ የሚሆነውን ካወቅሽው አብዛኛው ፍርሃትሽ ይቀላል። ሕክምናው ስምንት ደረጃዎች አሉት፤ ዓይን ማንቀሳቀሱ በመጀመሪያው ቀን አይመጣም። ባለሙያዋ ታሪክሽን ትሰማለች፤ ጭንቀት ሲበረታብሽ ራስሽን የምታረጋጊበትን መንገድም ታለማምድሻለች። ከዚያ ከአደጋው ይበልጥ የሚያስጨንቅሽን አንድ ምስል እንድትመርጪ፣ ጭንቀቱም ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሆነ እንድትነግሪያት ትጠይቅሻለች። ምስሉን በልብሽ ይዘሽ ጣቶቿን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ስታንቀሳቅስ በዓይንሽ ትከተያለሽ፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል። ታቆምና «አሁን ምን መጣልሽ?» ትልሻለች። የመጣውን በአጭሩ ትናገሪያለሽ፤ ከዚያ እንደገና። ነገሩን ከሥር እስከ ጫፍ መተረክ አያስፈልግሽም፤ ብዙ የተጎዱ ሰዎች ይህን ሕክምና የሚመርጡትም ለዚህ ነው። ዓይኑ ለሚደክም ሰው እጅን ተራ በተራ መታ መታ በማድረግ ወይም በጆሮ ድምፅ በማሰማት ይሠራል።

ለምን ይረዳል? ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ። ብዙዎች የሚቀበሉት ማብራሪያ ይህ ነው፦ አእምሮ በአንድ ጊዜ ሊይዘው የሚችለው የተወሰነ ስለሆነ፣ ምስሉንም የሚንቀሳቀሰውን ጣትም አብሮ ሲይዝ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ስለቱም ይዶለዱማል፤ ትዝታውም በዚያ በቀለለው መልኩ ይቀመጣል። ዋናው ጥቅም ትዝታውን በሰላም ቦታ ሆኖ ከመጋፈጥ የሚመጣ ነው፣ የዓይኑ ድርሻ ትንሽ ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩ ስለ ምክንያቱ እንጂ ሰዎች ስለ መዳናቸው አይደለም።

እንግዲህ ድግምት ነው ወይ? አይደለም። ድግምት ሌላ መንፈስ ይጠራል፣ ነገሩን በስውር ይይዛል፣ የሰውን ፈቃድ ይነጥቃል። እዚህ ግን ነቅተሽ ተቀምጠሻል፤ የምታደርጊውን ታውቂያለሽ፤ እጅሽን አንሥተሽ «ይብቃ» ካልሽ ይቆማል። ሂፕኖሲስም አይደለም፤ ማንም አያስተኛሽም። ባለሙያው ከሕክምናው ጋር የሌላ እምነት ሥርዓት ቢቀላቅል ያን ጊዜ «አልፈልግም» ማለት መብትሽም ግዴታሽም ነው። ሕክምናው ራሱ ግን ይህን አይጠይቅም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አንብቢ፤ የታመመው ሰው እንዲጸልይና ከኃጢአት እንዲርቅ ከመከረ በኋላ እዚያው ለሐኪሙ ስፍራ ስጠው፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ጸሎቱና ሐኪሙ በአንድ ምዕራፍ አብረው ተቀምጠዋል፤ እኛ የምንለያያቸው ለምንድን ነው?

ይበልጥ ልነግርሽ የምፈልገው ስለ ኑዛዜሽ ነው። በሕክምናው ውስጥ ባለሙያዋ «ያንን ምስል ስታዪ ስለ ራስሽ ምን ታምኛለሽ?» ትልሻለች። መልስሽ «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚል ይመስለኛል፤ ደጋግመሽ የተናዘዝሽውም ይህንኑ ይሆናል። እኅቴ፣ ጓደኛን «ነይ አብረን እንሂድ» ማለት ኃጢአት አይደለም። ንስሐ ለሠራነው ኃጢአት የተሰጠን መድኃኒት ነው፤ ለደረሰብን መከራ የሚናዘዙት ኃጢአት የለም። ከኑዛዜው በኋላ ልብሽ ያላረፈው ሥርየቱ ስላልሠራ አይደለም፤ ያቀረብሽው ኃጢአት ስላልነበረ ነው። በእርግጥ የሠራሽው ጥፋት ካለ አንድ ጊዜ ተናዘዢ፣ ቀኖናሽን ፈጽሚ፣ የተሰጠሽንም ሥርየት እመኝ። ንስሐ አባትሽን ቀርበሽ «አባቴ፣ ይህ ኃጢአት ነው ወይስ ሐዘን?» ብለሽ ጠይቂያቸው፤ ከአፋቸው በግልጽ መስማትሽ ብዙ ይጠቅምሻል። ባለሙያዋ ያንን የሐሰት ክስ ከትዝታው ላይ ስታላቅቅ፣ እርሳቸው ደግሞ በእግዚአብሔር ፊት እንዳልተከሰስሽ ያረጋግጡልሻል።

ምናልባት «ብድን እርሷን እረሳታለሁ» የሚል ስጋትም ይኖርሽ ይሆናል፤ ሐዘንተኞች ብዙ ጊዜ ይህን በልባቸው ይዘው ዝም ይላሉ። ሕክምናው ትዝታን አይፍቅም። ዮሴፍ በኩሩ ሲወለድ እግዚአብሔር መከራዬን አስረሳኝ ብሎ ነበር፤ ወንድሞቹ ሲመጡ ግን ግብፃውያን እስኪሰሙት ድረስ አለቀሰ፤ ወደ ግብፅ የሸጡት ወንድማቸው እንደሆነም በገዛ አፉ ነገራቸው (ዘፍ. 45)። ጉድጓዱንም ሽያጩንም ያስታውሳል፤ ቢሆንም በቁጣ አልተነሣባቸውም፣ ስንቅ ሰጥቶ ሸኛቸው እንጂ። ጓደኛሽን ስታስቢ ከመጨረሻዋ ደቂቃ በፊት የነበረው ሳቋም እንዲመለስልሽ እመኝልሻለሁ።

ከመጀመርሽ በፊት ባለሙያዋ በዚህ ሕክምና መሠልጠኗን ጠይቂ፤ በጥያቄሽ አትቀየምም። የሚጥል በሽታ ካለብሽ፣ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ፣ ወይም ከራስሽ ውጪ የሆንሽ ያህል የሚሰማሽ ጊዜ ካለ አትደብቂያት። በቀጠሮና በቀጠሮ መካከል ሕልምሽ ሊበረታ፣ እንባሽም ሊቀርብ ይችላል፤ ይህ ብዙዎች ላይ የሚታይ ስለሆነ አትደንግጪ፣ ግን ንገሪያት። የመሞት ሐሳብ ከመጣብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ያን ቀን ለሰው ተናገሪ። በአንድ አደጋ የተጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ ቶሎ ይሻለዋል፤ ከልጅነት ጀምሮ ሲጎዳ የኖረ ግን ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

በማረጋጊያው ልምምድ ላይ ልብሽ የሚያርፍበትን ቦታ በሐሳብሽ እንድትመርጪ ትጠይቅሻለች። ቤተ ክርስቲያንን ልትመርጪ ትችያለሽ፤ ከዳዊት አንድ ቃል ይዘሽ ልትገቢም ትችያለሽ። ጸሎትሽን አታቋርጪ። ጾሙ ከሕክምናው ድካም ጋር ከከበደሽ በራስሽ አትወስኚ፣ ንስሐ አባትሽን አማክሪ። የመጀመሪያው ቀጠሮሽ የቱ ቀን እንደሆነም ንገሪያቸው፤ በዚያ ሰዓት ይጸልዩልሽ።