በእንግሊዝኛ እሺ እና እምቢ፦ ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

ቲቸር፦ እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ወሬያችን በእንግሊዝኛ እሺ ማለት፣ ሰው ሳያስቀይሙም እምቢ ማለት ነው። ሀይቅ ዳር ሆቴል ውስጥ ሪሴፕሽን ላይ ብዙ ዓመት ቆሜያለሁ፣ አሁን ስፖክን አስተምራለሁ። ቪዛ አትጠይቁኝ። ጀምሩ።

የጀልባው ልጅ፦ ቲቸር፣ አሞራ ገደል አካባቢ ጀልባ ላይ ነው የምሠራው። አንዷ ፈረንጅ «ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ሲት ሂር?» አለችኝ። ደስ ብሎኝ «የስ፣ የስ!» አልኳት። ሄዳ ሌላ ቦታ ተቀመጠች። ምን አጠፋሁ?

ቲቸር፦ አባረርካት እኮ! «እዚህ ብቀመጥ ቅር ይልሃል?» ነው ያለችህ። አንተ «አዎ ቅር ይለኛል» አልካት፣ ያውም ሁለቴ፣ ያውም እየሳቅክ። «ዱ ዩ ማይንድ» ሲባል የሚፈቀደው በኖ ነው። «ኖት አት ኦል» ወይም «ኖ፣ ጎ አሄድ»። «ሹር፣ ጎ አሄድ»ም ይሄዳል። የስ ግን አትበል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሁላችንንም የሚጥለን ይሄ ነው። በአማርኛ «አልበላህም?» ሲባል ያልበላ ሰው «አዎ፣ አልበላሁም» ይላል። አዎ የሚለው ለጠያቂው ነው፣ ልክ ነህ ለማለት። እንግሊዝኛ ጠያቂውን አያይም። ነገሩ ከሆነ የስ፣ ካልሆነ ኖ፣ ጥያቄው እንዴትም ይምጣ። «ዲድንት ዩ ኢት?» ካልበላህ «ኖ፣ አይ ዲድንት»። ከበላህ «የስ፣ አይ ዲድ»። ሪሴፕሽን ላይ እንግዳው «ዩ ዶንት ሃቭ ሆት ዋተር?» ይላል፣ ልጃችን «የስ» ይላል፣ እንግዳው ውሃ አለ ብሎ ፎጣውን ይዞ ይገባል። ጩኸቱን እናንተ ገምቱ። ስለዚህ የስና ኖን ብቻቸውን አትተዉአቸው፣ «አይ ዲድ»፣ «ዊ ዶንት» እያላችሁ ጨርሱት።

ነርሷ፦ ቲቸር፣ እሺ የሚባልባቸውን ሁሉንም ቢዘረዝሩልን?

ቲቸር፦ ሁሉንም የሚባል ነገር የለም እህቴ። ለማን? የት? ስልክ ላይ ነው፣ ለአለቃ ነው? ቆርሰሽ አምጪ።

ከመናኸሪያ፦ እኔ ልቁረሰው። ጓደኛዬ ነገ ቁርስ አብረን እንብላ ቢለኝስ?

ቲቸር፦ «ሳውንድስ ጉድ»። ሰዓቱን ከነገረህ «ዛት ዎርክስ ፎር ሚ»። ትንሽ ነገር እንድታግዘው ከጠየቀህ «ሹር»። «ኦፍ ኮርስ»ን ግን ተጠንቀቁ። እርዳታ ሲጠየቅ ያምራል፣ መረጃ ሲጠየቅ ንቀት ይመስላል። ፒያሳ ላይ «ኢዝ ዜር ኤ ባንክ ኒር ሂር?» ላለህ ሰው «ኦፍ ኮርስ» ካልከው «ይሄንንም አታውቅም?» እንዳልከው ነው የሚሰማው። «የስ፣ ዜር ኢዝ» ብለህ በእጅህ አሳየው።

የአላሙራዋ፦ «አይ አም አግሪ» ነው ወይስ «አይ አግሪ»?

ቲቸር፦ አይ አግሪ። ቀጣይ።

ከታቦር፦ ስብሰባ ላይ አንዱ «አይ ኩድንት አግሪ ሞር» አለኝ። ተቃወመኝ ብዬ ግማሽ ሰዓት ተከራከርኩት።

ቲቸር፦ ምስኪን! ሰውዬው እኮ ሙሉ በሙሉ ካንተ ጋር ነበር። ከዚህ በላይ መስማማት አልችልም ነው ያለህ። የሚቃወምህማ «አይ ሲ ዩር ፖይንት» ብሎ ያለሳልስህና ከ«ባት» በኋላ ይመጣብሃል።

ባጃጅ ነጂው፦ እምቢ ማለቱስ? አንድ ፈረንጅ ቤቱ ጠርቶኝ ምግብ ሲያቀርብ በጨዋ ደንብ «ኖ፣ ታንክ ዩ» አልኩ። ሳህኑን አነሳው። ርቦኝ ነበር።

ቲቸር፦ ይሄንን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። እኛ ጋ የመጀመሪያውን «በልቻለሁ» ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። «በሞቴ» ትባላለህ፣ ትግደረደራለህ፣ ደግሞ ትባላለህ፣ ከዚያ እጅህን ትታጠባለህ። እነሱ ዘንድ ብዙ ጊዜ በሞቴ የሚልህ የለም። እምቢ ያለን ሰው መወትወት ነው ነውሩ። ከፈለግክ በመጀመሪያው «የስ፣ ፕሊዝ» በል። ትንሽ ከበቃህ «ጀስት ኤ ሊትል፣ ፕሊዝ»። ከጠገብክ «ኖ ታንክስ፣ አይ አም ፉል»። እናንተም ስታስተናግዱ እንደዚያው። ዓሣ ጥብስ ቀርቦለት «አይ አም ጉድ» ካለ ደህና ነኝ ማለቱ አይደለም፣ አልፈልግም ነው። ሳህኑን ወደ አፍንጫው አታስጠጉበት።

ከቱላ፦ ይሄ ባህላችንን ጣሉ ማለት አይሆንም? እኔ ቤት የገባ እንግዳ ሳይጎርስ አይወጣም።

ነርሷ፦ ጉርሻ እኮ ከኮቪድ ወዲህ ቀርቷል።

ከቱላ፦ የት ሰፈር ነው የቀረው? እስቲ እኛ ሰፈር ሠርግ ላይ ነይና እዪው።

የጀልባው ልጅ፦ እኔንም ጥሩኝ።

ቲቸር፦ ቤትህ ማጉረስ ማን ከለከለህ? የማወራው ስለ እንግሊዝኛ ነው። ወደ ጥያቄው።

ከኢንዱስትሪ ፓርክ፦ ሱፐርቫይዘሬ ኦቨርታይም ትገቢያለሽ ወይ ሲለኝ «አይ ዊል ትራይ» እላለሁ። ሳልገባ ስቀር ይቆጣል።

ቲቸር፦ ልክ ነዋ። አንቺ «እስቲ እናያለን» ማለትሽ ነው። እኛ ጋ ይሄ እምቢ መሆኑን ሕፃን ያውቀዋል። እሱ ግን ስምሽን ወረቀት ላይ አስፍሯል። ከላይ ያልኩት ነው፣ በተናገራችሁት ነው የሚይዟችሁ። «አይ አም አፍሬይድ አይ ካንት ቱዴይ» በይው። ፍርሃት የለበትም፣ አዝናለሁ እንደ ማለት ነው። ቀጥለሽ አንድ አጭር ምክንያት፣ ከቻልሽ ሌላ ቀን፣ «ባት አይ ካን ዱ ቱዝዴይ»። አንድ ምክንያት ይበቃል። ለቅሶ አለ፣ አክስቴ ታማለች፣ ባጃጅ ጠፋ ብለሽ ከደረደርሽው እውነት ቢሆን እንኳ አያምንሽም። «አይ ዶንት ዎንት» ብለሽ በደረቁ ግን አትመልሺ።

የአላሙራዋ፦ ሬይን ቼክ ምንድነው?

ቲቸር፦ የአሜሪካኖች ነው። የቤዝቦል ጨዋታ በዝናብ ሲቋረጥ ተመልካቹ ለሌላ ቀን መግቢያ ይሰጠው ነበር። «ካን አይ ቴክ ኤ ሬይን ቼክ?» ዛሬ ይለፈኝ፣ ሌላ ቀን ጋብዘኝ ነው። የመሄድ ሐሳብ ከሌለሽ አትበዪው፣ ደግሞ ይጠራሻል።

የፒያሳዋ፦ እኔ ስልክ ነው የማነሳው። ደንበኛው ሲያወራ እየሰማሁት ደጋግሞ «አር ዩ ኦኬ?» ይለኛል።

ቲቸር፦ ትንፋሽሽን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረግሽ ነው አይደል አዎ የምትይው? ታውቂዋለሽ፣ ያቺ የኛ አዎ። እሱ የደነገጥሽ ወይ ያመመሽ መስሎት ነው። «የስ» በይው፣ «ራይት» በይው፣ ብቻ ድምፅ አውጪ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ቲቸር፣ አሁን ነው የገባሁት። እሺ የሚባልባቸውን ሁሉንም በፒዲኤፍ ይላኩልን።

ቲቸር፦ ወደ ላይ አንብብ።

ከመናኸሪያ፦ የመጨረሻ። አንዱ «አይ ዶንት ላይክ ኮፊ» ቢለኝና እኔም ባልወድ «ሚ ቱ» ልበል?

ቲቸር፦ «ሚ ናይዘር»። ቡና እንደማትወድ ግን እናትህ እንዳትሰማ።